ጠልፋችሁ ስታበቁ «አማለልን» አትበሉን

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አዳማ ውስጥ ከመቶ ሰው በላይ በማይዝ አንድ አዳራሽ ተቀምጬ አሥራ አራት ደቂቃ የሚፈጅ አጭር ፊልም አየሁ። የሠሩት ወጣቶች ናቸው። ካሜራው የውሰት፣ ድካሙ ግን የራሳቸው ነበር። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ክርክሬ ከእነርሱ ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡና አስፈልቼ ቤቴ በጨረስኩት ነበር።

ታሪኩ የጊ ደ ሞፓሳን ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተመው አጭር ልቦለድ። አንድ የፓሪስ የብረታ ብረት ነጋዴ ሚስቱንና ልጁን፣ አማቱንና የሱቁን ሠራተኛ ከወተት ሻጭ በተዋሰው ጋሪ ጭኖ፣ እሑድን ወንዝ ዳር ለማሳለፍ ይወጣል። ልጁ ሄንሪየት ከአንድ ጀልባ ቀዛፊ ጋር ለጥቂት ሰዓት ትሰወራለች። ሌላው ጀልባ ቀዛፊ እናትየዋን ይዞ ይሄዳል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ወጣቶቹ ፓሪስን አዲስ አበባ፣ ሴን ወንዝን አዋሽ አደረጉት። ነጋዴው የመርካቶ ቆርቆሮና ምስማር ሻጭ ሆነ፤ ጋሪው ሚኒባስ፤ የወንዙ ዳር መዝናኛ ደግሞ ሶደሬ። ይህን አስቀድሜ ስሰማ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም ነበር። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ያለውን ያን ስፍራ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማዛመድ አይገኝም። ፍል ውኃው፣ የዛፉ ጥላ፣ ምሳ ከእጅ የሚነጥቁት ጦጣዎች፣ እሑድ ጠዋት ከነድስታቸውና ከነጭቅጭቃቸው ከአዲስ አበባ የሚወርዱት ቤተሰቦች፤ ሞፓሳን ራሱ ቢመጣ ወንበር ስቦ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። በአራተኛው ደቂቃ ላይ ወጣቱ የልጅቷን እጅ አንጓው ላይ ያዘ። ካሜራው ወደ ዛፉ ቅጠል ቀና አለ። ክራር ተመታ። ቀጥሎ ያየነው የምታለቅስ ልጅ ነው። የቀሩት አሥር ደቂቃዎች የአባት ቁጣ፣ የእናት እንባና የሽማግሌ ምክር ነበሩ፤ በመጨረሻም ወጣቶች ስሜታቸውን እንዲቆጣጠሩ የሚያሳስብ ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። በውይይቱ ላይ መድረክ መሪው ተነሥቶ ፊልሙን «የማማለልን ጥበብ በካሜራ ቋንቋ የተረጎመ» ብሎ አሞገሰው።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ያየሁት ጠለፋ ነበር።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ድኻ አይደለም። ሰው ሰውን የሚቀርብበትን መንገድ በየመልኩ ለይቶ ሰይሞታል። ለከፋ አለ፤ መንገድ ላይ የሚወረወር፣ መልስ የማይጠብቅ፣ ከምትለከፈዋ ይልቅ የለካፊውን ባልንጀሮች ለማሳቅ የሚባል ነው። ጠበሳ አለ፤ የአራዳ ልጆች ቃል፤ ሙያ አለበት፣ ትንሽም ውሸት አለበት፣ ግን ቢያንስ የምትጠበሰዋ ልጅ እስክትስቅ ድረስ ይታገሣል። ሽንገላ አለ። ማባበል አለ፤ ለሕፃንም ለኮረዳም የምንለው። ደጅ መጥናት አለ፤ ለሹመትም ለፍቅርም ይሆናል። ከሁሉም ማዶ ጠለፋ አለ፤ እርሱ ቃል አያስፈልገውም፤ ጉልበትና ግብረ አበር ይበቃዋል። ማማለል ከጠለፋ የሚለየው በጨዋነቱ አይደለም፤ አማላይ ጨዋ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይደለም። የሚለየው፣ የሚማለለው ሰው ፈቃድ ያለው በመሆኑ ነው። እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነው። አማላዩ በዚያ ፈቃድ ላይ ይሠራል፤ ያለሰልሰዋል፣ ያዞረዋል፣ ያታልለዋል፤ ያለ እርሱ ግን አንዲት እርምጃ አይራመድም። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ታሪክ ልብ የሚገኘው አማላዩ ዘንድ ሳይሆን፣ ሊማለል ያለው ሰው በሚያመነታባት ቅጽበት ውስጥ ነው። ያቺን ማመንታት ቆርጣችሁ ስትጥሉ በእጃችሁ የሚቀረው የእጅ አንጓ ብቻ ነው።

ይህን የምለው በቃላት ለመጫወት አይደለም። የምንኖረው ልዩነቱ ዋጋ ባስከፈለበት አገር ነው። በኦሮሞ ባህል ቡቲ፣ ማለትም ጠለፋ፣ ወደ ትዳር ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ሆኖ ሲኖር፣ ከጎኑ ደግሞ አሴና የሚባል ነበር፤ ልጅቷ ራሷ፣ በገዛ እግሯ፣ የመረጠችው ልጅ ወላጆች ቤት ገብታ የምትቀመጥበት። መጎተትንና መግባትን በሁለት የተለያዩ ስሞች የጠራ ማኅበረሰብ ልዩነቱ አልጠፋውም። (አሴናን አጭር ፊልም አድርጎ የሠራልኝ ሰው ቢኖር እጁን በሳምኩት ነበር። ደጃፍ አለ፤ ምሰሶ አለ፤ ምን ላድርጋት ብላ የቆመች እናት አለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?)

ሕጉ ግን ለረጅም ዘመን ሁለቱን ሲያምታታ ኖሯል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ጠላፊዋን አገባች ከተባለ ክስ እንዳይቀርብበት ያደርግ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮ፣ ለጋብቻ ብሎ የጠለፈ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ፣ ጋብቻውም ከተጠያቂነት እንዳያድነው ደነገገ። ልብ በሉ፤ ታደሰ ሊበን «መስከረም» የተባለውን የአጫጭር ልቦለዶች መድበሉን ያሳተመው በዚያው በ1949 ዓ.ም. ነው። ሕጉ የሴትን ፈቃድ ነገሩ ካለፈ በኋላ ለመጠየቅ በተስማማበት ዓመት፣ አጭር ልቦለዳችን የከተሜን ሰው የውስጥ ውዝግብ መመዝገብ ጀምሮ ነበር። ሥነ ጽሑፉ ከሕጉ ቀድሞ ነበር እላለሁ። ታዲያ ፊልሙ ከሁለቱም ኋላ የሚቀረው በምን ዕዳው ነው?

እዚህ ላይ «ድፍረት»ን የሚያነሣብኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ይነሣ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የተፈጸመ እውነተኛ ጠለፋ ነው፤ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ የቀረበች ታዳጊ ልጅና ለእርሷ የቆሙ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ጉዳይ። ርእሱ ራሱ ሰምና ወርቅ አለው፤ ጀግንነትም መደፈርም ነው። ይህ ፊልም ስለ ጠለፋ ይናገራል፤ ጠለፋን ጠለፋ ይለዋል። ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ፣ በስልክም በአዳራሽም እንዳየሁት፣ ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ ያሉ ልጆቻችን የጠለፋን ፊልም ሰዋስው እንዳለ አንሥተው፣ ማለትም መያዝን፣ መጎተትን፣ ማልቀስን፣ መሸምገልን፣ ሌላ ዓይነት ታሪክ ላይ ሲለጥፉት ነው። ጠለፋን እናወግዛለን እያሉ፣ ሴት በፊልም ውስጥ ከመያዝ በቀር ሌላ ዕጣ እንደሌላት አድርገው ያስተምሩናል።

«ጋሼ፣ ባህላችን አይፈቅድም» ይሉኛል። የትኛው ባህል ነው የማይፈቅደው? ለመሆኑ የዚህች አገር የመንግሥት ታሪክ ራሱ በምን ተጀመረ? በ14ኛው ክፍለ ዘመን መልኩን የያዘውን ክብረ ነገሥትን ክፈቱ። ንጉሥ ሰሎሞን ንግሥቲቱን ግብዣ ይጠራታል። ምግቡ ሆን ተብሎ የሚያስጠማ ነው፤ በርበሬ የበዛበት፣ ኮምጣጤ የገባበት። ሲመሽ እዚያው እንድታድር ይለምናታል። እርሷ፣ በጉልበት እንዳይነካት በአምላኩ ያስምለዋል። እርሱም በተራው፣ ከቤቱ ያለውን ነገር በጉልበት እንዳትወስድ ያስምላታል። ትስቃለች። አንተን የመሰለ ጠቢብ እንዴት እንደ ሞኝ ይናገራል፣ ሀብት ፈልጌ የመጣሁ መሰለህን፣ ትለዋለች። አልጋቸው በወዲህና በወዲያ ይነጠፋል፤ አገልጋዩ የውኃ ማድጋ አምጥቶ ያስቀምጣል። ንጉሡ የተኛ ይመስላል፤ አልተኛም። እርሷ ጥቂት አሸልባ ስትነቃ አፏ ደርቋል። ምራቋን ለመዋጥ ትሞክራለች፤ ምራቅ የለም። ቀስ ብላ ትነሣለች። ማድጋውን ታነሣለች። እጇን የሚይዛት ያኔ ነው።

እጅ መያዝ እዚህም አለ እንግዲህ። ግን ከመያዙ በፊት ስንት ነገር እንዳለፈ ቁጠሩ፤ ከመያዙ በኋላም ክርክር አለ። መሐላሽን ለምን አፈረስሽ ይላታል። ውኃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ነውን ትለዋለች። ከሰማይ በታች ከውኃ የሚበልጥ ነገር አይተሻልን ይላታል። በመጨረሻ እርሷ ራሷ ከመሐላው ትፈታዋለች፤ ብቻ ውኃውን ልጠጣ። ሰሎሞን አታሏታል፤ በዚህ አልከራከርም። ጥማትን ወጥመድ ያደረገ ሰው ነው፤ ጥበቡን ለዚህ ማዋሉም ሁልጊዜ ያናድደኛል። ነገር ግን ጽሑፉ ምንም አልደበቀም። ሳቋን፣ መሐላዋን፣ ጥማቷን፣ ክርክሯን አንድ በአንድ መዘገበልን። ስለዚህም ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ እኔ አዳማ ላይ ተቀምጬ በንጉሡ ልናደድ እችላለሁ። በወጣቶቹ ፊልም ውስጥ ባለው ልጅ ግን ልናደድ እንኳ አልቻልኩም፤ ምን እንዳደረገ አላየሁማ!

ሠዓሊዎቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ የሚሥሉት፣ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ማዕዘኖች ከፍለው ነው። የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ገብታችሁ አንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዛሬ የፊልም ተማሪ ስቶሪቦርድ ብሎ ገንዘብ ከፍሎ የሚማረው ነገር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሠዓሊው ገበታውን ለብቻ ሣለ፤ አልጋውን ለብቻ፤ ውኃውን ለብቻ። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ቀጣዩ ስናልፍ ዐይናችን መስመሩን ይሻገራል፤ በዚያች መሻገሪያ ውስጥ ንግሥቲቱ ይጠማታል። የእኛ ልጆች በበኩላቸው ከገበታው ወደ አልጋው በአንድ ቁራጭ ዘለው፣ መሻገሪያውን በክራር ሸፈኑት።

ወደ ሞፓሳን ልመለስ። ያንኑ የእሑድ ሽርሽር ታሪክ ዣን ረኗር እ.ኤ.አ. በ1936 ፊልም አድርጎታል። ቀረጻውን ዝናብ አወከው፤ ሳይጨርሰው ተወው፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 የተቀረጸው ተገጣጥሞ ለሕዝብ ቀረበ። 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ያላለቀ ፊልም ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ካየኋቸው ያለቁ ፊልሞች ብዙዎቹን በእርሱ እለውጣለሁ። ሄንሪየትን የተጫወተችው ሲልቪያ ባታይ ናት። ዥዋዥዌ ላይ ቆማ ስትወዛወዝ ካሜራው አብሯት ይወዛወዛል፤ ልጅቷ ገና ማንም ሳይነካት በአየሩና በቅጠሉ እየተማለለች ነው። ከዚያ ደሴቲቱ ላይ ወፍ ይዘምራል። ጎበዙ ክንዱን በወገቧ ያዞራል፤ ታነሣዋለች፤ ደግሞ ያዞራል። ወፏን ልትሰማ ትፈልጋለች። እርሱንም ልትሰማ ትፈልጋለች። በመጨረሻ ካሜራው ወደ ፊቷ ይቀርባል፤ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ወንዙ ላይ ዝናብ ይወርዳል።

ይህ ትዕይንት ንጹሕ ነው አልልም። ዛሬ የሚያዩት ሰዎች፣ ፈቅዳለች ወይስ ተገድዳለች ብለው ይከራከሩበታል፤ መከራከራቸውም ተገቢ ነው። ክርክሩ ሊኖር የቻለው ግን ረኗር ፊቷን ስላልሸሸገብን ነው። ምስክሩ እርሷ ናት። ፊቷን ትቶ ቅጠል ቢያሳየን ኖሮ ጉዳዩ በወንዱ ቃል ብቻ ይዘጋ ነበር። ከዓመት በኋላ፣ ያንን የሱቅ ሠራተኛ አግብታ እዚያው ስፍራ ስትገኝ፣ ባሏ አጠገቧ ተኝቶ ሳለ ከጀልባ ቀዛፊው ጋር ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ፤ በየምሽቱ ያንን ቀን እንደምታስበው ትነግረዋለች። የታሪኩ ቁስል እዚህ ላይ ነው። ወጣቶቹ ግን ይህን መጨረሻ ጣሉትና በምትኩ ሽማግሌ አመጡ። እናትየዋም በልቦለዱ ውስጥ እየሳቀች፣ እያለከለከች፣ ዕድሜዋን ረስታ በጀልባ የሄደች ሴት ናት፤ በእኛ ፊልም ነጠላዋን አገልድማ ከማልቀስ በቀር ሥራ አልተሰጣትም። የሃምሳ ዓመት ሴት ልቧ ሊሸፍት እንደሚችል ማሰብ ለካ ከሁሉ የከበደን ኖሯል!

«ጊዜው አይበቃም» የሚለውንም ሰበብ አልቀበልም። ዣን ሉክ ጎዳር ገና ስም ሳይኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ሐንስ ሉካስ በሚል የብዕር ስም ከዚሁ ከሞፓሳን ሌላ ታሪክ ወስዶ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ጄኔቭ ጎዳና ላይ ቀርጿል። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ናት። አንዲት ባለትዳር፣ ሴተኛ አዳሪ በፈገግታ ወንድ ስትጠራ ታይና፣ እኔስ ብሞክረው ምን ይመጣል ትላለች። ትሞክረዋለች። ይሠራል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከእጇ ይወጣል። ፊልሟ ለረጅም ዘመን ከሰው ዐይን ጠፍታ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢንተርኔት ላይ ብቅ አለች፤ እኔም ያየኋት በስልኬ ነው። የጎዳር ታላቅነት ገና አይታይባትም፤ ነገር ግን ሴትየዋ ስታስብ እናያለን። ልታደርገው ስታስብ፣ ስትፈራ፣ ስትፈግግ፣ በፈገግታዋ ስትጸጸት። ዘጠኝ ደቂቃ ለዚህ ከበቃች አሥራ አራቱ ለምን ያንሳል?

ስለ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም ላንሣ፤ ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር ስሙ መምጣቱ አይቀርምና። «ሌቱም አይነጋልኝ»ንና «ትኩሳት»ን ወደ ፊልም ለመቀየር የሚቋምጡ ልጆች አጋጥመውኛል። የሚቋምጡት ለልብስ ማውለቁ ነው። ስብሐትን በደንብ ያነበበ ግን የውቤ በረሃ ሰዎቹ ከሚተኙት የበለጠ እንደሚያወሩ ያውቃል። ወሬው ነው ገላው። ያን ወሬ አውጥቶ አልጋውን ማስቀረት፣ ወጡን ደፍቶ ድስቱን እንደ መላስ ነው። ደግሞም ሕግ አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉ፣ ለወራሾቹም ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅላቸዋል። ስብሐት ያረፈው በ2004 ዓ.ም. ነው። «የተወሰደ» የሚል ቃል ፊልም ላይ መለጠፍ ፈቃድ መጠየቅን አይተካም። ሞፓሳንና ቼኾቭ ግን ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ማንም አይከስሳችሁም፤ ውሰዷቸው። ብቻ ስትወስዷቸው ሙሉውን ውሰዱ። ቼኾቭ «ባለ ውሻዋ እመቤት» ላይ ያን ሁሉ መቀራረብ ጽፎ ሲያበቃ፣ ሴትየዋ ከሠራችው ነገር የተነሣ ተክዛ ሳለች፣ ሰውየው ሐብሐብ ቆርጦ ዝም ብሎ ሲበላ ያሳየናል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል። ለካሜራ ከዚህ የተሻለ ስጦታ ማን ሰጥቶ ያውቃል? ከመቂ እስከ ባቱ መንገድ ዳር ፓፓያ ተቆልሎ በሚሸጥበት አገር ይህን ትዕይንት ለመሥራት ምን ጎደለን? ቢላዋ?

አዳማ ራሷ ለእንዲህ ያለ ፊልም የተፈጠረች ከተማ ናት። ናዝሬትም አዳማም ተብላ በሁለት ስም የምትጠራ፣ ፍቅር በሁለት ቋንቋ የሚነገርባት። በአማርኛ የተጀመረ ማባበል በአፋን ኦሮሞ እምቢታ ሲመለስ፣ ደግሞም እምቢታው በአማርኛ ሳቅ ሲለዝብ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ጭማቂ ቤት ተቀምጦ ጆሮውን የከፈተ ሁሉ ይሰማል። አንዲት ልጅ ቋንቋ የቀየረችበት ቅጽበት ልቧ የተቀየረበት ቅጽበት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ የአዳማ ልጅ እንጂ ረኗር አይደለም። ታዲያ ያየኋቸው ፊልሞች ውስጥ ሁሉም ሰው በአንድ ቋንቋ፣ ያውም እንደ ዜና አንባቢ፣ ይናገራል።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ያንን የሶደሬ ፊልም ጽሑፍ ከቀረጻው በፊት አንብቤው ነበር። አዘጋጁ ቤቴ ድረስ አምጥቶልኝ፣ እኔም በእርሳስ አስተያየት ጽፌበት መልሼለታለሁ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ሁለት ኮከብ ያደረግሁበት ትዕይንት ነበር። ልጅቷና ወጣቱ ከቤተሰቡ ርቀው ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሊስማት ሲጠጋ ዞር ትላለች፤ «ጠምቶኛል፤ መጀመሪያ ውኃ ገዝተህ ና» ትለዋለች። ይሄዳል። ብቻዋን ትቀራለች። መንገዱ ክፍት ነው፤ የቤተሰቧ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ መሄድ ትችላለች። እስኪመለስ ድረስ ትጠብቀዋለች። ጸሐፊው ክብረ ነገሥትን አስቦ ይሁን ሳያስብ አላውቅም፤ ውኃው ግን ከዚያ ወርዶ የመጣ መሰለኝ። ንግሥቲቱን ያሰናከላት ጥማት እዚህ ለአንዲት የመርካቶ ልጅ የማሰቢያ ጊዜ ገዛላት።

ይህ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ የለም። ከውይይቱ በኋላ አዘጋጁን ለብቻው ይዤ ጠየቅሁት።

«ቀርጸነው ነበር ጋሼ፤ በኤዲቲንግ ወጣ» አለኝ።

«ለምን?»

«እዚያ ውስጥ እኮ ምንም አይፈጠርም። ሰው ስልኩን ያወጣል።»

ከሁለት ወር በኋላ ተዋናይቷን አገኘኋት። ፊልሙ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ተዛምቷል። ሰፈሯ ውስጥ የሚያውቃት ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ ባጃጅ ነጂው፣ ጎረቤቷ፣ የገዛ ወንድሟ። «ለምን አልጮህሽም?» ይሏታል። በቀልድ የሚጠይቋት አሉ፤ ወንድሟ ግን የጠየቃት በቀልድ አልነበረም። ፊልም መሆኑን፣ ድርሰት መሆኑን ብታስረዳውም የሚያየው ያንን የተያዘ አንጓና ያን እንባ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ እኔ የሠራሁት ሌላ ልጅ ነው፤ እነሱ ያወጡት ሌላ ልጅ ነው» አለችኝ። ዳግመኛ ለመተወን ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ መልስ ሳትሰጠኝ ሻይዋን አማሰለች።

የተቆረጠውን ቁራጭ በኋላ ለማየት ቻልኩ፤ አርታዒው ልጅ አልደመሰሰውም ነበር። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ነው። ሙዚቃ የለውም፤ የሚሰማው የአዋሽ ውኃና ከሩቅ የሰዎች ጫጫታ ነው። ልጁ ከምስሉ ይወጣል። እርሷ ትንሽ ትቆያለች። ጫማዋን ታወልቅና እግሯን አሸዋው ላይ ታደርጋለች። ጦጣ መጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ይህ በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። ይተያያሉ። ከወዲያ የአባቷ ድምፅ ስሟን ይጠራል። ጫማዋን በእጇ ይዛ ትነሣለች፤ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች። ወደ ድምፁ ትመለከታለች፤ ወደ ኪዮስኩም ትመለከታለች። ከዚያ ተመልሳ ትቀመጣለች፤ ጫማዎቿንም አንዱን ካንዱ ጎን አስተካክላ አጠገቧ ታኖራቸዋለች።